የኖርቪን አጥንት ወይም የክላሪስ ድንጋይ

ጆሮ ያለው ሁሉ ጆሮውን ያቅና፦ የሽቦ አጥር አዛዥ፣ የከሲታ ላሞች የበላይ ጠባቂ፣ የምሥራቅ ሞንታና አቧራ ባለርስት፣ ክቡር ኖርቪን ሃውገን የአንድ ሙት ፊት ለማየት ፍርድ ቤት ቆሟል።

ሙቱ ዳይኖሰር ነው። ኖርቪን ጥጃ ጠፍቶት ሲፈልግ ከገደል ሥር የጅራት አጥንት ብቅ ብሎ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ «ጣሪያው ያፈሳል» ስትለው እሱ ብሩሹን ይዞ ገደል ይወርዳል። ጅራቱን ገለጠ፣ ዳሌውን ገለጠ፣ ጎድኑን አልፎ አንገቱ ጋ ደረሰ። አንገቱ ወደ ገደሉ ሆድ ይገባል። ጫፉ ላይ ጭንቅላት ይኑር አይኑር፣ ቀንድ ያብቅል አያብቅል የሚያውቅ የለም። ሌላው ሰው የሚበላውን እያሰበ እንቅልፍ ያጣል፤ ኖርቪን ግን ይህንን።

እዚህ ላይ የአጎቱ ልጅ ክላሪስ የፍርድ ቤት እግድ ይዛ ከተፍ አለች። መሬቱን የሸጠችለት እሷው ናት። ስትሸጥለት ግን እንደ አገሩ ልማድ ሣሩን ሰጥታ፣ ከሥሩ ያለውን ነዳጅ፣ ከሰልና «ማናቸውንም ማዕድን» ለራሷ አስቀርታ ነው። እዚያ መሬት እንደ ኬክ በአግድም ይቆረጣል፤ ላዩ ላንተ፣ ታቹ ለኔ።

«ክላሪስ፣ ይሄ እኮ እንስሳ ነው» አላት አጥሩን ተደግፎ። «እንስሳ ደግሞ ከሣሩ ጋር ነው።»

«እንስሳ ከሆነ ጥራውና ይምጣልህ። ለኔ ድንጋይ ነው። ከነአፈሩ ታሽጎ ለሚገዛው ይሄዳል።»

«ጭንቅላቱን ሳናይ?»

«የራስህንስ መቼ አይተኸው ታውቃለህ፣ ኖርቭ?»

ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች፣ ሁለቱም ከረባት ያሰሩ፣ በአንዲት ቃል ላይ ሲናከሱ አረፈዱ። የኖርቪን ጠበቃ አጥንት ነው አለ። የክላሪስ ጠበቃ አጥንትነቱ ድሮ አልቆ ድንጋይ ተተክቶበታል፣ ድንጋይ ደግሞ ማዕድን ነው አለ። ከዚያ ወደ ኖርቪን ዞረ።

«መኖ መሸጫው ጋ ቆመው ‹ድንጋዬን ልቆፍር› ይሉ አልነበር?»

ኖርቪን ጆሮው ቀላ። በዚያ አገር የሣር ማጨጃ ማሽን ጥርስ የሰበረ ነገር ሁሉ ስሙ ድንጋይ ነው።

«ብያለሁ» አለ። «የገዛ ወንድሜንም ድንጋይ ነው የምለው። እሱን ግን ማንም አልቆፈረውም።»

ችሎቱ ሳቀ። ክላሪስ አልሳቀችም፤ ወንድሙን ታውቀዋለች።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ አጥንት መሆኑን በምን አወቁ?»

«ላስኩት።»

«ምን አደረጉት?»

«ላስኩት፣ ክብርት ዳኛ። አጥንት ከሆነ ምላስ ላይ ጥብቅ ይላል። ድንጋይ ይንሸራተታል።»

«ሸክላም ይጣበቃል» አለ የክላሪስ ጠበቃ ወዲያው። አለመታደል ሆኖ እውነቱን ነው።

ዳኛዋ ጠረጴዛው ላይ በማስረጃነት የተቀመጠችውን የጅራት አጥንት አንስተው አገላበጧት። አጭር እረፍት አሉና አጥንቷን እንደያዙ ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉ።

ኖርቪን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ክላሪስም እንዲሁ። የገደሉ ሆድ ይከፈት ወይም ይታሸግ እንደሆነ የሚለየው እዚያ ውስጥ ነው።

አንባቢዬ፣ አንተም ሥጋህን አውልቀህ ከሣር ሥር መግባትህ አይቀርም። እንግዲህ ዳኛዋ ሳይወጡ ፍጠንና ንገረኝ፦ የአንተ አጥንት አጥንት መሆኑን አቁሞ የጎረቤትህ ማዕድን የሚሆነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ቀኑን ራስህ ቁረጥ፤ ቆርጠህም ለክላሪስ ጠበቃ ከመንገርህ በፊት አጥንትህን አንዴ ላሰው።