የማይነቀለው ወለል

ሰፈሩ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም «መዥገር» ነው። ያነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ወለሉን ነክሶ ስለሚቀር ነው። ሌሎቹ አንጣፊዎች ማስቲሽ ጥግ ጥጉን ቀባ ቀባ አድርገው፣ መሐሉን ለአልጋና ለቁም ሣጥን ክብደት አደራ ሰጥተው ይሄዳሉ። እሱ ግን ሲሚንቶውንም የምንጣፉንም ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ይቀባል፤ በጣቱ እየነካ መያዣ ሰዓቱን ጠብቆ ያጋጥማቸዋል፤ ከዚያ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ስንዝር በስንዝር ይዳምጠዋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠራ።

አንድያ ልጁ ስትዳር የሰጣት ስጦታም ይኸው ነበር። የቤቷን ሁለቱንም ክፍሎች ያንኑ የፕላስቲክ ምንጣፍ አለበሰላት። አምና ደግሞ «ደበዘዘ» ብሎ፣ አሮጌው ላይ አዲስ ደረበበት፤ የጠረጴዛ ፕላስቲክና የመታጠቢያ ቤት መጋረጃም ጨመረላት። ቤቱ አዲስ አዲስ ሸተተ። ብዙም ሳይቆይ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጁ ደረት ማፏጨት ጀመረ።

«መንስኤው ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ አባባ» አለችው ሐኪሟ። «ግን ደረቷ የሚቆጣ ልጅ እንዲህ በሚሸት ቤት አትደር። ለስላሳውን ፕላስቲክ አውጡላት። ጨርቅ፣ እንጨት፣ ሴራሚክ ይሻላታል።»

መጋረጃውና የጠረጴዛው ልብስ በአንድ ከሰዓት በጥጥ ተተኩ። የቀረው ወለሉ ነው። ወደ ምንጣፍ ነጋዴው ሄደ። ነጋዴው አንድ ጊዜ ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት የተሠራ ምንጣፍ አስመጥቶ ነበር።

«ያ የተልባው አለ?»

«እሱን ነው የምትጠይቀኝ?» ሳቀ ነጋዴው። «‹ይሄ የሚነጠፍ ነው ወይስ ለሆድ ድርቀት የሚጠጣ?› እያልክ ደንበኛ ያባረርክብኝ አንተ አይደለህም እንዴ? አቧራ ጠጥቶ ጠጥቶ መለስኩት። ሴራሚክ ውሰድ። ብቻ የድሮው ማስቲሽ ተፍቆ ካላለቀ አይይዝልህም።»

በማግስቱ ስፓቱላ ይዞ ተንበረከከ። ምንጣፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በቁራጭ በቁራጭ ይነሣል እንጂ አይላቀቅም። ሲጠነክርበት ሲሚንቶው አብሮ ተቦደሰ። የፈላ ውሃ አፈሰሰበት፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ ንብርብር ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን ማስቲሹን ያሟሟል ብሎ ቲነር ደፋበት። ያን ዕለት ሕፃኗ ጎረቤት ነበረች፤ ግን ሽታው ሌሊቱንም አልወጣም ኖሮ፣ ተመልሳ በተኛች በሁለት ሰዓቷ ከንፈሯ ጠቆረ። ይዘዋት ሮጡ። በኦክስጅን ተረፈች።

ሰው በስንፍናው ሲበድል መመለሻ መንገድ አያጣም፤ «ከእንግዲህ እተጋለሁ» ይላል። በትጋቱ የበደለ ግን ምን ብሎ ይጸጸት? «ምነው በለገምኩ» ይበል? እነዚያ ጥግ ጥጉን ቀብተው የሚሄዱት፣ እሱ «ሸፋጮች» የሚላቸው፣ የእነሱ ሥራ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። ይህን እያሰበ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እስኪነጋ ተቀመጠ።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን አዘጋጀች። ባሏ ሌላ ከተማ እናቱ ቤት ሊወስዳቸው ነው፤ ሥራውንም እዚያው ይፈልጋል።

«አባዬ፣ በክፉ አታየው። እዚያ የጣውላ ወለል ነው።»

«ይሄን ጨርሼ ሴራሚክ ባለብሰውስ? ትመለሳላችሁ?»

«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

መዥገር ወለሉን አየ። ክፍል በዓይኑ ብቻ ለክቶ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ ተናግሮ ተሳስቶ አያውቅም። በአራት ቀን የተነሣው አንድ ሰው አጋድሞ የሚያስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ንብርብር አለ፤ ያለ ቲነር አይሆንም፣ በቲነር ደግሞ ልጅ አይገባበትም። ጉልበቶቹ ደግሞ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ጉልበቶች ናቸው።

«አባዬ?»

«አትጠብቁኝ» አላት፤ ሻንጣውንም ብድግ አድርጎ እስከ በሩ አደረሰላት።