ጋሽ ዳንኤል ጣታቸውን ያላራሱበት ጠዋት

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ በስልክ ስንቱን ስዘባርቅ ይህን ዘልዬዋለሁ። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ አልፌዋለሁ። እናንተ አንብቡና ፍረዱኝ፤ ብቻ እንዳታዝኑልኝ።

ስቶክሆልም እንደመጣሁ ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ዳንኤል ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው። ሥራው አንድ ሱቅ ውስጥ የካይት ጥገና ነው። ካይት የምላችሁ፣ ሰው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ነፋስ ውሃው ላይ እንዲጎትተው የሚይዘው ትልቅ ሸራ ነው። ጠርዙ ውስጥ በአየር የሚነፋ ረጅም ከረጢት አለ፤ ሸራውን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። የሚነፋበት ቫልቭ ፀሐይ ሲበዛበት ሙጫው ይለቅና አየር ያሾልካል። አሮጌውን ሙጫ በአልኮል እንጠርጋለን፣ እንደገና እናጣብቃለን፣ እስከ ማግስቱ እንዲደርቅ እንተወዋለን። ከዚያ ተነፍቶ ያድራል። ጠዋት እንደጠነከረ ከተገኘ ድኗል።

ጋሽ ዳንኤል ግን ይህ አይበቃቸውም። አዲስ አበባ ጎሚስታ ነበሩ። ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው የቫልቩን ዙሪያ ይቀቡታል። ምራቁ አረፋ ካወጣ ገና ያሾልካል ማለት ነው። የሳሙና ውሃ አጠገባቸው ተቀምጦ ምራቃቸውን ነበር የሚያምኑት።

እኔ አሳቅሁባቸው። አብራን የምትሠራ ሊን የምትባል ስዊድናዊት ነበረች። "ሽማግሌው ካይቱን ሳይስም አይሸኝም" አልኳት በስዊድንኛ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ጋር የሳቀ ሰው አልነበረም። ቱነልባና በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ እንኳ አጠገቤ ያለው ወንበር መጨረሻ ላይ ነው ሰው የሚያገኘው። ስለዚህ ቀልዱን ደገምኩት፣ ሰለስኩት። ጋሽ ዳንኤል ስዊድንኛ ይሰማሉ። አልተቆጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጣታቸው ደረቀ። የሳሙናውን ነገር ለእኔ ተዉልኝና በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው፣ እኔን ጠይቀው ያልፉ ጀመር።

አንድ አርብ ሊን ከሥራ በኋላ አብረን እንዋኝ አለችኝ። እኔን ማን ጠርቶኝ ያውቃል? ጠዋት የሚወሰድ ካይት እጄ ላይ ነበር፤ ሙጫው አልደረቀም። ሳይደርቅ ነፋሁትና ሄድኩ።

በነጋታው ቀድሜ ደረስኩ። ካይቱ ላላ ብሏል። ብዙ አይደለም፣ እንደከረመ ኳስ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ምን ማድረግ እንደነበረብኝማ አውቃለሁ። ፓምፑን አንስቼ ነፋሁት። የሳሙናውን ውሃ አልነካሁትም። ጋሽ ዳንኤል መጡና በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

"አደረ?" አሉኝ።

"አደረ።"

ጣታቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ገና የገባችውን ሊንን አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት፤ ካይቱንም ራሳቸው ለባለቤቱ አስረከቡ።

ባለቤቱ ሴት ናት። ከዳርቻው ርቃ ሳለች ሸራው ተልፈስፍሶ ውሃው ላይ ወደቀ፣ አልነሳም አለ። ጀልባ እስኪያገኛት ድረስ ብርዱ ሲጫወትባት ቆየ። ሁዲንጌ ሆስፒታል ተኛች፣ ተረፈች። "ተረፈች እኮ" እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አባብያለሁ!

የሱቁ ባለቤት ማን አይቶ እንዳሳለፈው ጠየቀ። ጋሽ ዳንኤል "የመጨረሻው እጅ የእኔ ነው" አሉ። እኔ ፓምፑን ይዤ ቆሜ ነበር። ፓምፑን ቦታው መለስኩት። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ፣ እኔ ቀረሁ።

የዚያን ቀን ቱነልባና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ብሬዴንግ ልንደርስ ስንል ቀና አሉ።

"ሊድያ፣ ልጄ፣ እውነት አድሮ ነበር? አልቆጣሽም። እጄን ልወቀው ብዬ ነው።"

"አድሮ ነበር፣ ጋሼ።"

የመጀመሪያውን ለሊን ብዬ ዋሸሁ እንበል። ይሄኛውንስ? ባቡሩ ውስጥ ሊን አልነበረችም። ለሥራዬ እንዳልል፣ ብዙም ሳልቆይ ለቅቄዋለሁ። እንዳይጠሉኝ ነው የዋሸሁት፤ በዚህ ከተማ የነበሩኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ደረጃ ላይ ኮቴያቸውን ስሰማ በሬን መልሼ እዘጋለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ተውኩ። እንዳላጣቸው የዋሸኋቸውን ሰው ራሴ ሸሸኋቸው። ሊንም ሁለተኛ አልጠራችኝም።

ባለፈው ሳምንት በመስኮት አየኋቸው። ግቢ ውስጥ የጎረቤታችንን የእትዬ አልማዝን ብስክሌት ጎማ እየነፉ ነው። ጣታቸውን አርሰው ቫልቩን ቀቡ። ጎንበስ ብለው አዩ። ደግመው ቀቡ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

"ለማንኛውም ሌላ ሰው ያሳዩት፣ እትዬ። የእኔ እጅ አይታመንም" አሏቸው።

እትዬ አልማዝ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ መጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። ብቸኛ ነበርኩም አልል። እሳቸውስ ማን አላቸው? የሰው እጅ ነው የሰረቅኩት፣ የሥራ ዘመን ሙሉ የታመነ እጅ። በሬና በራቸው መካከል ያለው ደረጃ ብቻ ነው። ትናንት እስከ ግማሹ ወርጄ ተመለስኩ። የምነግራቸው ረጅም ንግግር አይደለም።

ጋሼ፣ አላደረም።