እናቴን ያላሻገረ ውሃ

ዛሬ ጠዋት ቧንቧው አሳለ፣ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ተፋ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «መጣ! መልሶ ሳይሄድ ጀሪካኖቹን ደርድር!» አለች። ደረደርኩ። ጂንካ ላይ ዝናብ ሲበረታ ውሃው አፈር አፈር ይላል። አፈሩን አውቀዋለሁ፤ የእኛው ማሳ ነው።

የተወለድኩት ከከተማው በላይ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ወንዙ ጉብታውን በሦስት ጎን ዞሮት ያልፋል፤ በአራተኛው ገደል ነው። ወንዝ ስል ለስሙ ነው፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚሻገሩት ነበር። ለከተማው መጠጥ ውሃ ሲገደብ ድንጋይ ከተሸከሙት ጎረምሶች አንዱ እኔ ነኝ። ድልድይ ይሠራላችኋል አሉን። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። የነገሩኝን አመንኩ። ደግሞ የተማሩትም አምነው ነበር። ግድቡ ሲሞላ መሻገሪያችን ሰጠመ፤ ያለ ግድቡ ግንብ አናት መውጫ አጣን። እሱም የግድቡ ዘበኛ ሲፈቅድ ነው።

በበልግ እናቴ ከተማ ለሕክምና እንደወረደች ሞተች። አደራዋ አንድ ነበር፦ ከአባቴ መቃብር ጎን፣ ጉብታው ላይ እንድትቀበር። በቃሬዛ ተሸክመን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እየዋጠን፣ ግድቡ ጋ ደረስን። ማዶ ዘመዶቻችን መቃብሩን ቆፍረው ቆመዋል። ቀዩ አፈር ይታየኛል።

«ሰው ይለፍ፤ ሬሳ አያልፍም» አለ ዘበኛው።

«ለምን?» አለ አጎቴ ማርቆስ።

«የመጠጥ ውሃ ነው አባባ። ከተማው ቢሰማ አይጠጣም።»

«ከብት በየቀኑ ይሸናበታል፤ እሱን ከተማው አልሰማም?»

«ከብት አያስወራም። ሬሳ ያስወራል።»

«እናት አለችህ አንተ?»

«ነበረችኝ። እኔም ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ባሳልፋችሁ ግን ነገ እንጀራዬ የለም።»

ቃሬዛውን ለቅቄ ዘበኛውን ልገፋው ስል አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተው ልጄ፤ ሁለት ሬሳ ይዘን የት ልንገባ ነው?»

አንድ ሽማግሌ ከጀርባችን ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ዝናቡ ወረደ። ማዶ ያሉት ይጮሃሉ፤ ቃላቸው አይሰማም። ሬሳ አይጠብቅም። ሊመሽ ሲል ከአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ጥግ ለምነን በወዲህኛው ዳር ቀበርናት። ዘበኛው ካፖርቱን አውልቆ አብሮን አፈር መለሰ። ያን ቀን ጠልቼው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ባዶ መቃብር ሰው ይጠራል ይባላል። ስለዚህ ማዶ ያሉት በተቆፈረው ጉድጓድ የእንሰት ግንድ ቀበሩበት። እንሰት ደግሞ ሲቀብሩት ይበቅላል። ከዓመታት በኋላ አክስቴ ከእሱ ቆጮ ጋግራ አቀረበችልኝ። «ብላ፤ የእናትህ ቦታ ነው» አለችኝ። ጎመኑ ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ይሸታል። አንዷን ጉርሻ ይዤ ብዙ ቆየሁ። በላሁ።

አሁን ማዶ አባቴ አለ፣ ወዲህ እናቴ አለች። በመሃላቸው ውሃው ተኝቷል፤ ማንንም ሳይጠይቅ በቧንቧ ወርዶ ቤቴ ይገባል። ድልድዩ አልመጣም። ጎረቤቶቼ ውሃው ሲጠራ «ጥሩ ውሃ ነው፣ የተራራ ውሃ» ይላሉ። ሬሳ አላለፈበትም፤ እውነታቸውን ነው።

ጀሪካኖቹ ሞሉ። ቀዩ አፈር እስኪዘቅጥ ጠበቅኩ፤ በብርጭቆ ቀድቼ ጠጣሁ። ሌላ ውሃ የለም።