ከአርሲ ነገሌ የመጣው ስንዴ

ልጄ አስም እንዳለባት ሐኪም ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ከሽታ ጋር ጦርነት ገጠምኩ። በረኪናው ወጣ። ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረው ናፍታሊን ወጣ። የበረሮ ፍሊቱ፣ ሽታ ያለው የወለል ሳሙና፣ የባለቤቴ የሠርግ ሽቶ ሳይቀር ተራ በተራ ተሰናበቱ። ወለሉን በውኃና በአቼቶ ስለምወለውል ባለቤቴ «ቤታችን እኮ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። እሱ ሥራ ሲውል ሳሏን ስሰማ የምውለው እኔ ነኝ።

የቀረኝ ጠላት አቧራ ነበር። የአዳማን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በበጋ ከተነሣ የተከደነ ድስት ውስጥ ሳይቀር መግቢያ አያጣም። ስለዚህ የልጄን መኝታ ክፍል መስኮት ስንጥቁን ሁሉ በፕላስተር አሸግኩት። በዚያ ክፍል እኮራበት ነበር። አዳማ ውስጥ ከዚያ የጸዳ አየር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚኖሩት አርሲ ነገሌ ነው። በየዓመቱ አዝመራው ሲገባ አንድ ጆንያ ስንዴ አስጭነው ይመጣሉ። ካቻምና ያመጡት ነቀዘ፤ በዚህ ሙቀት ምን ይጠበቃል። ሰፌዱ ላይ ነቀዙ ሲርመሰመስ ሳይ ዘገነነኝና ጆንያውን ከነነቀዙ ጎትቼ ቆሻሻ መጣያው ላይ ደፋሁት። እሳቸው ለፋሲካ ሊጠይቁን መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆንያውን ስጎትት በዓይናቸው ተከተሉኝ።

አምና በጥር አዲሱን ስንዴ ይዘው መጡ። ገና ከደጅ፣ «እማዬ፣ መድኃኒት የለበትም አይደል?» አልኳቸው።

«ምን መድኃኒት አመጣለሁ ልጄ» አሉ ጆንያውን እያዩ። ቀጥለውም፣ «እዚሁ በረንዳ ላይ ቢቀመጥስ?» አሉ።

«አቧራ ይጠጣል» አልኩና ከተሸከመው ሰው ጋር እየገፋሁ ልጄ ክፍል አስገባሁት። ማድ ቤቱን አይጥ ወርሶታል፤ ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ከምሳ በኋላ አያትና የልጅ ልጅ እዚያው ክፍል ጋደም አሉ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንጓጓው ስለነበር በሩንም ዘጋሁባቸው። ሳሎን ልብስ ሳጣጥፍ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ጎረቤት ወጥ እየሠራች መሰለኝ።

ከዚያ ልጄ «እማዬ፣ ራሴን» ስትል ሰማሁ። ስገባ አልጋው ላይ አስመልሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አስሟ ተነሣ ብዬ የምትስበውን መድኃኒት አፏ ላይ ደገንኩላት። አንዴ፣ ሁለቴ ሳበች። ምንም ለውጥ የለም።

«መስኮቱን ክፈቺው» አሉ አማቴ።

«በአቧራውማ ይብስባታል።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ፕላስተሩን በጥፍራቸው ይቦጭቁት ጀመር። እጃቸውን ያዝኩት፤ አጥብቄ። በትዳር ዘመኔ አማቴን እንዲያ ይዣቸው አላውቅም። እጃቸው ላብ በላብ ሆኗል። ዓይኔን አላዩኝም።

«ልጅቷን ከዚህ ክፍል አውጫት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁን አውጫት።»

አፋፍሼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ልጄ ጭኔ ላይ ተዝለፍልፋ፣ እሳቸው አጠገቤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በየጉድጓዱ ስንነጥር ደረቷን በመዳፌ እየዳበስኩ መተንፈሷን አረጋግጥ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ጸሎት እንኳ ጠፋኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ደረቷን እያዳመጠ፣ «አስም አለባት?» አለ።

«አዎ። አቧራ ነው የሚቀሰቅስባት።»

«የዋጠችው፣ ያሸተተችው ሌላ ነገር የለም? እስቲ በደንብ አስቢ።»

«የኔ ቤት ምንም ነገር የለም» አልኩ። እዚያ ሆኜም እንኳ ትንሽ ኩራት ነበረኝ።

«አለ» አሉ አማቴ ከበሩ ላይ።

ሁላችንም ዞር አልን።

«ስንዴው ውስጥ የነቀዝ ክኒን አለ። በጨርቅ ቋጥሬ መሃሉ ላይ ቀብሬዋለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ኋላ እንዳስረዱኝ ክኒኑ እህሉ ውስጥ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መርዛም ጋዝ ይተፋል፤ እኔ ደግሞ ጋዙ መውጫ እንዳያገኝ ክፍሉን አሽጌለታለሁ። ሐኪሙ ልጄን ወዲያው ኦክስጅን ላይ አደረጋት፤ እዚያ ቤት ማንም እንዳይገባ ለባለቤቴ ደውዬ እንድነግረው አዘዘኝ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። «እርስዎም እዚያው ነበሩ? ይቀመጡ።»

«እኔን ተወኝ ልጄ፣ እሷን» አሉ። ይህን እንዳሉ በሩ ሥር ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ሁለቱም ጎን ለጎን ተኙ። ሲመሽ የልጄ ትንፋሽ ተስተካከለ፤ ፊቷም ወዙ ተመለሰ። ያኔ ነው ንዴቱ የመጣብኝ።

«ለምን ዋሹኝ እማዬ?»

«የካቻምናውን ስትደፊው አይቻለሁ። ይሄኛውንም እንዳትደፊው ብዬ ነው።»

ልናገር ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። የተንሸራተተ ነጠላቸውን አነሣሁና መልሼ አለበስኳቸው።

ጆንያውን የሰብል ባለሙያ ጭምብል አድርጎ አወጣልን። ፕላስተሩን ቀድጄ ጣልኩት፤ መልሼም አልለጠፍኩትም። አቧራውን አሁን ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ልጄ እንደ በፊቱ ታስላለች፣ ከዚያ አልባሰባትም።

ዘንድሮ በጥር ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መጡ። ጆንያውን ግን ከበሩ አላሳለፉትም። ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታቸው አፉን ፈቱና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰድደው እስከ ታች በረበሩት።

«አንቺም እይው» አሉ።

አየሁት። ለይሉኝታ ብዬ አላለፍኩትም፤ እኔም እጄን ሰድጄ ከታች በረበርኩ፣ አሸተትኩ። ገለባና ፀሐይ ይሸታል። እጄን ሳወጣ አንዲት ነቀዝ የእጄ አንጓ ላይ እየሄደች ነው። አማቴ አዩዋትና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኸው፣ ጀምሮታል» አሉ።

በቁሟ የምትሄደውን ነቀዝ አየኋት። ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ መርዝ የነካት አትመስልም።

«እሰይ እማዬ» አልኳቸው። «በዚያ በኩል ያንሡልኝ፣ እናስገባው።»