ነቅለህ ለካው

ትናንት የቤታችን አሮጌ ቴፕ ድምፁ ጠፋና ጀርባውን ፈታሁት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ በኤሌክትሪክ መለኪያው በማልቲሜትሩ አንዱን ትራንዚስተር ስትነካካ መሣሪያው ጮኸ። "አባዬ፣ ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል ማለት ነው?" አለችኝ። "ሳይነቅሉ አይታወቅም" አልኳት። ይህን የነገረችኝ ሰሚራ ነበረች።

ከዓመታት በፊት ከሰሚራ ጋር ኤሌክትሮኒክስ አብረን ተምረናል። ካዛንቺስ አንድ የጥገና ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሁለታችንም ሄድን። ክረምት ነበር። ከኡራኤል ጭቃውን እየዘለልን ስንወርድ ድንች የገባበት አንድ እርጥብ ዳቦ ገዝተን ለሁለት ተካፈልን፤ ሚጥሚጣው ዓይናችንን እያስለቀሰ ሳቅን። የሚቀጠረው አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ግን አላነሳነውም።

ባለቤቱ ጋሽ ተካልኝ ለእያንዳንዳችን አንድ የሞተ የቴፕ ቦርድ ሰጡንና "የተቃጠለውን ትራንዚስተር አግኙልኝ" ብለው ወደ ደንበኛ ዞሩ። ሰሚራ ወዲያው ጨረሰች። እኔ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር እግሮቹ ላይ ብለካው መሣሪያው ጮኸ። አገኘሁት ብዬ ልጠራቸው ስል ሰሚራ ጎንበስ አለችና፣

"ቦርዱ ላይ እንዳለ አትመነው። በቃ፣ ነቅለህ ለካው" አለችኝ በሹክሹክታ።

በመበየጃው አሙቄ ነቀልኩት። ጤነኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ ሲገለብጡት ይዘጋል። ያስጮኸው አብሮት የተያያዘ ሌላ ዕቃ ኖሯል። ቀጣዩን ነቅዬ ስለካው ግን በሁለቱም በኩል ጮኸ፤ የተቃጠለው እሱ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ ሥራችንን አዩ። "ነቅለህ ነው የለካኸው፤ ጎበዝ! ነገ ና" አሉኝ። ወደ ሰሚራ ዞረው፣ "አንቺም ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። ግን እዚህ ቴሌቪዥን መሸከም አለ፤ ደንበኛውም ሴት ሲያይ..." ብለው ተዉት።

ሰሚራ አየችኝ። እኔ ቦርዱን አየሁ።

"እንኳን ደስ አለህ" ብላኝ ብቻዋን ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ከሳምንት በኋላ አላስችል ብሎኝ ለጋሽ ተካልኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"ሰምቻታለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው" አሉኝ። "ምን ላድርግ፣ ገበያው ነው።"

ጥዬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። ሰሚራ ባምቢስ ሰፈር ባለው የአክስቷ ልብስ መሸጫ ሥራ ገባች። እኔም በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ቀስ በቀስ ሰላምታችንም ቀረ።

ጋሽ ተካልኝን ለዓመታት በሆዴ ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን ግን እሳቸው ቢያንስ ያሰቡትን እንደተናገሩ ይታየኛል። እኔ "እሷ ናት የነገረችኝ" ብል ኖሮ፣ ሥራው ለሰሚራ ላይሆን ይችል ነበር። ከዚያ ቤት ስትወጣ ግን ጓደኛ ይኖራት ነበር።