የአዳውቶ ኬክ

ፔሎታስ ከተማ ውስጥ እንደ አዳውቶ የተበደለ ባል የለም፤ ዘፈኑን ካመናችሁት ማለቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጊታሩን ታቅፎ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» እያለ በብሉዝ ዘፈን ያለቅስ ነበር። ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ያቺን ልበ ደንዳና ሚስት ይረግሟታል። ጥላው ሄደች የተባለችው ዙልሚራ ግን የተኮሰችለትን ሸሚዝ አስለብሳው ከመድረኩ ሥር ተቀምጣለች፤ ስንኝ ሲጠፋበት በሹክሹክታ የምታቀብለው እሷ ናት።

ስድሳ ዓመቱን የደፈነ ቀን እዚያው ኬክ ቆረሰ። በአገሩ ወግ ባለልደቱ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚሰጠው አብልጦ ለሚወደው ሰው ነው። ኬኩን የጋገረችው ዙልሚራ ሳህኗን ይዛ ጠበቀች። አዳውቶ ግን ታላቅ አርቲስት አይደል? ቁራሹን ወስዶ ጊታሩ ፊት አስቀመጠው።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዙልሚራም አጨበጨበች።

«በል እንግዲህ፣ ሸሚዝህንም እሱው ይተኩስልህ!» አለችውና ወጣች። ዕለቱን ጓዟን ጠቅልላ እህቷ ቤት ገባች።

በሳምንቱ አዳውቶ በተጨማደደ ሸሚዝ መድረክ ላይ ወጣ። «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» ብሎ ጀመረና ቀጥሎ ያለው ስንኝ ድርግም አለበት።

«ምነው አዳውቶ፣ ሠላሳ ዓመት የዘፈንከው አይደል እንዴ?» አለው ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለሉካንዳ።

አዳውቶ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ መድረኩ ሥር ዘንበል አደረገ። ወንበሩ ባዶ ነበር።