ማይኩ መጀመሪያ ለማን?

ቦንጋ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ ቀን አለቃዬ ሞንታርቦውን፣ ሚክሰሩንና የገመዱን ጥቅል አስረከቡኝና፣ «ስማ፣ ስብሰባ ላይ ማይክ መጀመሪያ ለክቡር እንግዳ ነው፤ ጊዜ ከተረፈ ለሕዝብ» አሉኝ። ጊዜ ተርፎ አያውቅም! ዋጫ ከተማም ደካ ከተማም ብሄድ ያው ነው፤ ባለሥልጣኑ ይናገራል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ እኔ ገመዴን እጠቀልላለሁ።

ማንኪራ ቀበሌ የተደረገው ስብሰባ ግን ሌላ ነበር። ሞንታርቦውን በሸክም ወንዝ አሻግረን ደረስን። የአካባቢው ተመራጭ አቶ አድማሱ ምክር ቤት ደጋግመው የገቡ፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሰው ናቸው። በየምርጫው ድልድይ አሠራለሁ ይላሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን ልጆች ወንዙን መሻገር አቅቷቸው ከትምህርት ይቀራሉ። የዚያን ቀን ሰዉ መረረው። አንድ መምህር ተነሥተው፣ «ከእንግዲህ ማንም ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥ!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ንብ አናቢዋ እትዬ ዘነበች ብድግ አሉ።

«ኧረ ተዉ እባካችሁ! አድማሱ እንደ ልጄ ነው። ደህና ከሠራ ለምን እናባርረዋለን? ካልሠራስ ምርጫ እስኪደርስ ለምን እንጠብቀዋለን? በየዓመቱ ቡና ለቀማ ሳይጀመር እዚሁ ይምጣ። መጀመሪያ እኛ እንጠይቅ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይመልስ። ከዚያ እጅ እናውጣ። ካልፈለግነው ይውረድ።»

መምህሩም «ይሄ ይሻላል» ብለው ተቀመጡ። አቶ አድማሱ ሳቁ። «እሺ፣ ምን ከፋኝ! ካልፈለጋችሁኝ እለቃለሁ» አሉ። እስከ ዓመቱ የሚረሳ መስሏቸው ነው።

ማን ይረሳል! በዓመቱ አዳራሹ ጢም አለ። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ማይኩን ለክቡር ተመራጩ ስጥ» አሉኝ። እትዬ ዘነበች ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አለቃዬን እምቢ ማለት በእንጀራዬ መጫወት ነው! ቢሆንም ለእትዬ ሰጠሁ። አለቃዬ አፈጠጡብኝ።

«ድልድዩስ?» አሉ እትዬ። ቀጥሎ የተነሣውም ድልድዩን ጠየቀ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። አቶ አድማሱ ተራቸው ሲደርስ ያው የለመዱትን «ድልድይ አሠራለሁ» አሉ። ይውረዱ የሚለው እጅ በዛ። በገዛ ቃላቸው ወንበሩን ለቀቁ። ደስታዬን የት ላድርሰው! አለቃዬ ግን ስንት ጊዜ አኮረፉኝ መሰላችሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ተመራጭ ለጥያቄ ቀረቡ። ሰዉ ማይክ ለመያዝ ተሰልፏል። ከፊት የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ አድማሱ!

«ምን ታየኛለህ? ስጠኝ እንጂ፣ እኔም ሕዝብ ነኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ድልድዩስ?» ብለው ጠየቁ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነበች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም ሚክሰሩ ላይ ተደፋሁ። አዲሱ ተመራጭ ብቻ አልሳቁም፤ በዚያው ዓመት የድልድዩ ሥራ ተጀመረ።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሞንታርቦውም አሁን ድልድዩን በመኪና ነው የሚሻገረው። ሥራውን ለተረከቡኝ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ማይኩን መጀመሪያ ለጠያቂው ስጡ።